ለአጋዘን ምን ይዘራ? የግማሽ ኤከር ክርክር

ገበሬው ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ አዝመራውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ በሚጠብቅበት አገር ላደገ ሰው፣ ለዱር እንስሳ ተብሎ መሬት መታረሱ ግራ ያጋባል። በአሜሪካ ገጠር ግን የተለመደ ነገር ነው። ከጆርጂያ እስከ ሚኒሶታ ድረስ ጫካ ጥግ ያለች ቁራሽ መሬት ትመነጠራለች፤ ኖራ ይበተንባታል፤ ዘር ይዘራባታል፤ አዝመራዋን የሚበላው ግን አጋዘን ነው። ባለመሬቱ ብዙውን ጊዜ አዳኝ ነው። ጠመንጃ የሌለው፣ ማለዳ ቡናውን ይዞ በመስኮት ማየት ብቻ የሚሻም አለ። ሁለቱም ዘር መደብር ሲገቡ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ ምን ልዝራ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ጎረቤታሞችን ለዓመታት ያከራክራል። በየወገኑ ልምድ ያላቸው፣ መሬታቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ስላሉ አንዱን ብልህ ሌላውን ሞኝ አድርጎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። በቨርጂኒያም ሆነ በሚኒሶታ ከከተማ ወጣ ብለው መሬት የገዙ ወይም ለመግዛት የሚያስቡ ያገራችን ሰዎች ካሉ፣ ክርክሩን ከነምክንያቱ ማወቁ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

አስቀድሞ ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል። የአሜሪካው ነጭ ጭራ አጋዘን በባሌ ተራሮች ከምናውቀው የደጋ አጋዘን የተለየ ወገን ነው። የባሌው ወንድ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ነጭ ጭራው ግን በብርዱ ወራት ይጥለውና ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ አዲስ ያበቅለዋል። በነዚያው ወራት እንስቷ ትወልዳለች፤ ታጠባለች። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት ሁለቱም የሚፈልጉት ብዙ ፕሮቲን ያለው ለምለም ቅጠል ነው። ብርዱ ሲገባ ደግሞ ፍላጎታቸው ይለወጣል፤ ስብ የሚሆንና ሙቀት የሚሰጥ፣ ስኳርና ስታርች ያለበት ምግብ ይሻሉ። አጋዘን እንደ ላም አጎንብሶ ያገኘውን ሁሉ የሚግጥ እንስሳ አይደለም። ጠባብ አፉ ለመምረጥ የተሠራ ነው፤ ከዚህ ቀንበጥ፣ ከዚያ ቅጠል እየለቀመ ይሄዳል። ይህን ካሰብን “ምን ይዘራ?” የሚለው ጥያቄ ውስጥ “በየትኛው ወር እንዲበላ?” የሚል ሌላ ጥያቄ ተደብቆ እናገኛለን። ተከራካሪዎቹ የማይግባቡት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አንዱ ስለ ጁን ሲያወራ ሌላው ስለ ኖቬምበር ነው የሚያወራው።

ሁለተኛው ነገር የመሬቱ ትንሽነት ነው። ግማሽ ኤከር ማለት ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ፣ በኛ ልክ ከአንድ ጥማድ ትንሽ የሚያንስ ነው። አንድ ትልቅ አጋዘን በቀን ጥቂት ኪሎ ይበላል፤ አምስትና ስድስት ሆነው በየምሽቱ ከመጡ እንዲህ ያለችውን ቁራሽ በቶሎ ያራቁቷታል። በቆሎና አኩሪ አተር ለአጋዘን ምርጥ ቢሆኑም ለዚህ ስፋት የማይመከሩት ለዚህ ነው። የአኩሪ አተር ቡቃያ ጫፉ ገና ሳይጠነክር ከታች ከተቀነጠሰ አያገግምም፤ አጥር ካልታጠረለት ለፍሬ የመድረስ ዕድሉ አነስተኛ ነው። ብዙ ኤከር ላለው ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ለትንሽ መሬት የሚቀሩት ሁለት ዋና ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያው የክሎቨር ወገን ነው።

ነጩ ክሎቨር፣ በተለይ ላዲኖ የሚባለው ቅጠለ ሰፊው ዓይነት፣ አንዴ ከያዘ በደህና አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። ቅጠሉ ከ20 በመቶ በላይ ፕሮቲን አለው። መሬት ለመሬት እየተሳበ ስለሚያድግ አጋዘን ደጋግሞ ቢቀነጥሰውም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በትንሽ መሬት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከባቄላና ከአተር ወገን በመሆኑ ሥሩ ላይ በሚያድሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር ያገኛል፤ የማዳበሪያ ወጪ ይቀንሳል። ለግማሽ ኤከር ሁለት ኪሎ የማይሞላ ዘር ይበቃዋል። ትራክተር የሌለው ሰው ደግሞ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች፣ መሬቱ ሌሊት እየረጋ ቀን እየቀለጠ በሚሰነጣጠቅበት ሰሞን፣ ዘሩን በባዶው መሬት ላይ በእጁ ሊበትነው ይችላል። አፈሩ ራሱ ሲከፈትና ሲገጥም ዘሩን ይውጠዋል። ጉልበትም ገንዘብም ለሚቆጥር ሰው ይህን የሚያህል ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ሆኖም ክሎቨር ያለ ዋጋ አይመጣም። አፈሩ ፒኤች 6 እና ከዚያ በላይ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ የጫካ ዳር አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። የጎጃምና የወለጋ ገበሬ የአሲዳማ አፈርን ጣጣ ስለሚያውቀው ኖራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ኖራው አፈሩን እስኪለውጥ ግን ወራት ያስፈልጋሉ። ለዛሬ አስበው የሚያርሱ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የክሎቨር ሥር ደግሞ አጭር ስለሆነ በጁላይና በኦገስት ድርቅ ይጠወልጋል። አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ ክሎቨሩ በአፈሩ ውስጥ ያከማቸውን ናይትሮጂን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ሣር ይጠቀምበታል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ካልታጨደ፣ አንዳንዴም ሣር ብቻ በሚገድል ፀረ አረም ካልተረጨ፣ “ለዓመታት ይቆያል” የተባለው ማሳ የሣር መስክ ሆኖ ይገኛል። ከሁሉ በላይ አዳኙን የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው፤ በሰሜኑ ክፍለ አገራት ኖቬምበር ላይ፣ አደኑ በሚጦፍበት ሰሞን፣ ክሎቨር በውርጭ ተመትቶ ዕድገቱን አቁሟል። ከክሎቨሩ ጋር ቺኮሪ የሚባል ተክል መቀላቀል የሚመክሩ አሉ። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቁን የተሻለ ይቋቋማል፤ ብርዱን በሚመለከት ግን ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛው ወገን በየዓመቱ አርሶ በየዓመቱ መዝራትን ይመርጣል። የዚህ ወገን ዋና ተክሎች የጎመን ዘመዶች ናቸው፦ ተርኒፕ፣ ፍጅል፣ ኬልና የጎመን ዘር ዓይነቶች። ለኛ እንግዳ አይደሉም። እንዲያውም በሳይንስ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ የሚባለው የሐበሻ ጎመን በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ለዘይቱ ሲባል በመስክ ይዘራል።

የጎመን ወገኖች ጥንካሬያቸው ክሎቨር በሚደክምበት ጊዜ ላይ ነው። በሰሜኑ በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ከተዘሩ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ መሬቱን ይሸፍናሉ፤ ከትንሽ መሬት ብዙ ቅጠል ይሰጣሉ። ብዙ ቦታ ላይ አጋዘን ሳይነካቸው ይቆይና ውርጭ ከመታቸው በኋላ ይጎርፍባቸዋል። በቅዝቃዜው ቅጠሉ ውስጥ ያለው ስኳር ስለሚጨምር ጣዕሙ ይለወጣል ይባላል፤ ጎመን ብርድ ሲመታው እንደሚጣፍጥ ጓሮ ያለው ሁሉ ያውቃል። ቅጠሉ ካለቀ በኋላም በበረዶው ውስጥ የተርኒፑን ሥር በኮቴው እየጫረ የሚያወጣ አጋዘን አለ። ጎመን መዝራት ተጨማሪ ጥቅምም አለው። ባለመሬቱ ከሜይ እስከ ጁላይ ማሳውን ባዶ አድርጎ አረሙን ደጋግሞ ማጥፋት ይችላል፤ የክሎቨር ባለቤት ይህን ዕድል አያገኝም።

የዚህ መንገድ ተቃዋሚዎች የሚያነሱትም ቢሆን ክብደት አለው። ጎመን ናይትሮጂን ይበላል፤ ማዳበሪያ ካልተጨመረለት ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የኦገስት ዝናብ ከቀረ የዓመቱ ድካም ሁሉ አብሮ ይቀራል። አጋዘኑ ጎመን ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ አንድ ሁለት ዓመት ዞር ብሎ ላያየው ይችላል፤ በዚህ የተበሳጩ ሰዎች ብዙ ናቸው። በተቃራኒው አጋዘን በበዛበት ቦታ ሴፕቴምበር ሳያልቅ ይጨርሱታልና ለውርጩ የሚደርስ ነገር አይኖርም። በአንድ ቦታ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ መዝራትም አይመከርም፤ ሥሩን የሚያሳብጥ በሽታ አፈሩ ውስጥ ይሰድዳል። በዚያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ፣ እንስቷ ጽንሷ ገፍቶ ወንዱ ቀንድ ሊያበቅል ሲል፣ የጎመኑ ማሳ ባዶ ጭቃ ነው። አዳኙን ያገለገለ ተክል እንስሳውን ሁልጊዜ ያገለግላል ማለት አይደለም። ይሁንና መሬቱን የገዛው ለአደን የሆነ ሰው ለኖቬምበር ቢያስብ ጥፋት ነው ብሎ መፍረድም ይከብደኛል።

በሁለቱ መካከል የብርድ እህሎች አሉ፦ አጃ፣ ስንዴና ራይ። ራይ ስንዴ የሚመስል፣ ብርድንና ደካማ አፈርን የሚችል እህል ነው። ከሦስቱ ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይኸው ራይ ነው፤ ምክንያቴን ልናገር። ክሎቨር በማይቀበለው አሲዳማ አፈር ላይ ይበቅላል። በሰሜኑ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ሊዘራ ስለሚችል ለዘገየ ሰው ይራራል። በብርዱ ወራት አረንጓዴነቱን ይይዛል፤ በረዶው ሲቀልጥ ከማንም ቀድሞ ያቆጠቁጣል። ዘሩ ርካሽ ነው፤ ለግማሽ ኤከር 25 ኪሎ ገደማ ይበቃል። አረምንም ያፍናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ድክመቱን መሸሸግ አይገባም፤ ሜይ ሲገባ ወደ አገዳ ይሮጣል፣ ካልታጨደ ለአጋዘን የሚረባ አይሆንም። ብርዱ ከመጠንከሩ በፊት አጋዘን ራይንና አጃን ጎን ለጎን ቢያገኝ አጃውን ያስቀድማል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሳይሆን አይቀርም። አጃ ግን በሰሜኑ ከባድ ውርጭ ይሞታል፤ ራይ ይተርፋል። ራይ ልገዛ ብለው ራይግራስ የሚባለውን ሣር ይዘው እንዳይመለሱ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ሌላ ተክል ነው፣ ከያዘም ለማስለቀቅ ያስቸግራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መዝራትን እንደ ተገቢ ነገር የሚቀበል ነው። ሦስተኛ ወገን አለ፤ ድምፁ ከሁለቱ ዝቅ ቢልም ሊደመጥ ይገባዋል። “ለምን ታርሳላችሁ? ጫካውን አስተካክሉት” ይላል። ነጭ ጭራው አጋዘን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ከልክ ባለፈ አደን የተነሳ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ ዛሬ በመላ አሜሪካ 30 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። በየዓመቱ ከሚሊዮን በላይ መኪናዎች ከአጋዘን ጋር ይጋጫሉ። በብዙ ጫካዎች ውስጥ የዛፍ ችግኝ ከጉልበት በላይ ሳያድግ ይበላል። እንዲህ የበዛን እንስሳ መመገብ ምን ይባላል? ደግሞም አጋዘኑ ከማንም ማሳ ይልቅ የኦክ ዛፍ ፍሬን ይወዳል፤ ኦክ በደንብ ባፈራበት ዓመት ምርጡ የክሎቨር ማሳ እንኳ ጭር ይላል። ጥቂት ዛፎች ቆርጦ ብርሃን መሬት እንዲነካ ቢደረግ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቀንበጡና የዱር እንጆሪው ያለ ዘርና ያለ ማዳበሪያ ይነሣል።

ይህ ወገን ሌላም ማስረጃ አለው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ለዱር እንስሳ ምግብና መሸሸጊያ ይሆናል ተብሎ በባለሙያ ምክር ጭምር የተተከለው ኦተም ኦሊቭ የሚባል ቁጥቋጦ ዛሬ በምሥራቅ አሜሪካ ለማጥፋት ከሚያስቸግሩ ወራሪ ተክሎች አንዱ ነው። በ2016 ደግሞ ፓልመር አማራንት የተባለ ክፉ አረም በአዮዋና በሚኒሶታ ለመሬት ጥበቃ በተዘሩ የዘር ድብልቆች ውስጥ ተቀላቅሎ ተገኝቷል። ለደግ የተዘራ ሁሉ ደግ አይወጣም።

ሆኖም የጫካው ወገንም ሙሉ መልስ የለውም። መጋዝ መያዝ፣ ዛፍ መጣል፣ የትኛው ተቆርጦ የትኛው እንደሚቀር ማወቅ ሙያ ይፈልጋል፤ አደጋም አለው። የበቀለው ቀንበጥ እንስሳውን ይመግባል እንጂ በሚታይ ቦታ አያቆመውም፤ ለአዳኙም ለተመልካቹም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። አጋዘን በዝቷል የሚለው ክርክርም ሁለት ስለት አለው፤ ማሳዋ አዳኙ እንስቶችን ጭምር ለመቀነስ ከረዳችው ቁጥሩን ታወርድ እንደሆነ እንጂ አታበዛም ብሎ የሚመልስ ሰው ተሳስተሃል ሊባል አይችልም።

በሕግና በጤና በኩል ማሳን ከማጥመጃ እህል መለየት ያስፈልጋል። በሚኒሶታና በቨርጂኒያ እህል ቆልሎ በላዩ ማደን ክልክል ነው፤ ተዘርቶ በበቀለ ማሳ ላይ ማደን ግን ይፈቀዳል። ሌላ ስቴት ያለ ሰው የራሱን ሕግ ማየት አለበት። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው፣ ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባለው አመንማኝ በሽታ በ2002 ዊስኮንሲን ውስጥ ተገኝቷል፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ብዙ ስቴቶች ተዛምቷል። በምራቅና በሽንት ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። በአንድ ክምር ላይ አፍ ለአፍ ገጥመው ከሚበሉ ይልቅ በግማሽ ኤከር ላይ ተበትነው ቢበሉ ስጋቱ ያነሰ ነው ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው፤ ስጋት የለም ማለት ግን አይደለም። ብርድ ከገባ በኋላ “ይራባሉ” ብሎ ድንገት በቆሎ መቆለል ደግሞ ከደግነትም አይቆጠርም፤ ሆዱ ለእህል ያልተዘጋጀ አጋዘን በጠገበ ማግስት ሊሞት ይችላል።

ስለ ተዘጋጁ ድብልቆችም ሁለት ቃል። ቀንዱ የተንሰራፋ ወንድ አጋዘን የታተመባቸው ከረጢቶች ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት ግን አይቻልም። አንዱ ዘር ቢቀር ሌላው እንዲይዝ ማድረጋቸው ለጀማሪ ዋስትና ነው። ፎቶውን ትቶ ከጀርባ የተሰፋችውን ትንሽ ወረቀት ማንበብ ያዋጣል። ከ1939 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የዘር ሕግ መሠረት የእያንዳንዱ ዘር ድርሻ፣ የመብቀል አቅሙና የአረም ዘር መጠኑ እዚያ ላይ መጻፍ አለበት። ግማሹ ርካሽ ራይግራስ ሆኖ የተገኘ ከረጢት በመደርደሪያው ላይ ቢቀር ይሻላል።

ለግማሽ ኤከር ምን ይዘራ የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ቦታውን ሳላይ ከምናገረው በላይ እርግጠኛ መሆን ባልፈልግም፣ መሬቱን ሁለት እኩል ባልሆኑ ክፍሎች ክፈል እለዋለሁ። ሰፊውን፣ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለክሎቨር ስጠው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ከአጃ ወይም ከራይ ጋር አብሮ ቢዘራ እህሉ በመጀመሪያው ወቅት አጋዘኑን ይይዝለታል፤ ክሎቨሩም ከሥር ተደብቆ ሥር ይሰድዳል። ቀሪውን ሲሶ በየዓመቱ እያረስክ አንድ ዓመት የጎመን ወገን፣ በሚቀጥለው ራይ ዝራበት። ጎመኑ ቢከሽፍ የከሰርከው ሲሶውን ብቻ ነው። መሐል ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የሽቦ ቅርጫት ትከል፤ በውስጡና በውጭው ባለው ቅጠል መካከል የሚታየው ልዩነት ስንት እየተበላ እንደሆነ ከማንኛውም ግምት በላይ ይነግርሃል። የጫካውን ዳር ደግሞ እንዳለ አትተወው፤ ኦኩን ብርሃን የነሱትን ጥቂት ዛፎች ባለሙያ ቢያነሳልህ የሦስተኛው ወገን ምክር በከንቱ አልቀረም።

ይህ ምክር ለሁሉም አይሆንም። ዙሪያው የአኩሪ አተርና የበቆሎ እርሻ የሆነ ሰው በሙቀቱ ወራት ከገበሬው ጋር መፎካከር ስለማይችል፣ ሁሉንም ለአዝመራው ማግስት ቢያዘጋጅ፣ ማለትም ወደ ራይና ጎመን ቢያዘነብል አልከራከረውም። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ መሐል ያለ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ክሎቨር ብቻ ቢዘራ አያጠፋም። አጋዘን እንደ ከብት መንጋ በሚርመሰመስበት ሠፈር ጎመን መሞከር ግን ገንዘብ መጣል ይመስለኛል።

የትኛውንም ወገን ቢመርጡ ዘር ከመግዛትዎ በፊት የአፈርዎን ናሙና ይላኩ። በቨርጂኒያ የቨርጂኒያ ቴክ፣ በሚኒሶታ ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች ከአንድ ከረጢት ዘር ባነሰ ዋጋ ይመረምሩልዎታል፤ ስንት ኖራ እንደሚያስፈልግም ይነግሩዎታል። የፒኤች ውጤቱ ከ5.5 በታች ከመጣ ኖራውን አሁን ይበትኑ፤ ክሎቨሩን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩትና ዘንድሮ ራይ ይዝሩ።